ላሜራው ለምን ሆዱን ነፋ? በጌጥ ላሜራ አሠራር ላይ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ለበረንዳ መከለያ የሚሆኑ ስድስት የጌጥ ላሜራዎች አሠርቼ ነበር። የእያንዳንዱ ስፋት 900፣ ቁመት 1800 ሚሊሜትር ሲሆን ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ተራ ብረት ነው። የሐረግና የቅጠል ንድፉን ከፎቶግራፍ ላይ በኮምፒውተር አስቀይሬ ሰጠሁ፤ ከላይ ደግሞ አንድ ቃል በፊደል እንዲቆረጥ አዘዝሁ። በፕላዝማ ተቆረጠ፣ በቱቦላሬ ፍሬም ላይ ዙሪያውን ተበየደ፣ አንቲረስትና ቀለም ተቀባ። ገና ሲበየድ መሐሉ ሆዱን ነፋ፤ በእጅ ሲጫኑት “ቧ” ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የፊደሎቹ ሆድ ወድቆ ቀረ። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ በቅጠሎቹ ጠርዝ ሁሉ ዝገት ወጣ። አሁን እንደገና ላሠራ ነው። ወደ 3 ሚሊሜትር ልለፍ? ወይስ አይዝጌ ብረት ይሻላል? በሌዘር ቢቆረጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር?»

ምላሽ፦ ሦስቱም ጥያቄዎች የተነሡት ከአንድ ግምት ነው፤ ጥፋቱ በውፍረቱ፣ በብረቱ ዓይነት ወይም በመቁረጫው ማሽን ነው ከሚል። እያንዳንዳቸው ጥቂት ድርሻ አላቸው። ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ነው፦ ጠርዙ ያልታጠፈ ጠፍጣፋ ላሜራ ዙሪያውን ተበይዶ መፈናፈኛ አጥቷል። ይህ ሳይስተካከል ወደ 3 ሚሊሜትር ቢያልፉ ክብደቱን እጥፍ አድርገው ከችግሩ የተወሰነውን ብቻ ይቀንሳሉ። ወደ አይዝጌ ብረት ቢያልፉ ደግሞ ዝገቱ ቢቀርም መነፋቱ ይብሳል።

ሆዱን የነፋበትን ምክንያት በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስኑት ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማልና። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ላሜራው ዙሪያውን ሲበየድ አራቱም ጠርዞች ጥቂት ያጥራሉ፤ መሐሉ ግን ስላልሞቀ እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ መሐሉ ላይ ከጠርዙ ጋር ሲነጻጸር የተረፈ ብረት አለ። ያ ትርፍ በጎን መሄጃ የለውም፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መውጣት ብቻ ነው ዕድሉ። «ቧ» የሚለው ድምፅ ትርፉ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲገለበጥ የሚሰማው ነው። ብዙ ሰው ይህን ያህል ለመንፋት ብዙ ሚሊሜትር መትረፍ ያለበት ይመስለዋል። ሒሳቡ ሌላ ነው የሚለው። በ900 ሚሊሜትር ስፋት ላይ 0.3 ሚሊሜትር፣ ማለትም የሦስት ወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ቢተርፍና ላሜራው ወደ አንድ ወገን ቢጎብጥ፣ የጉብታው ከፍታ 10 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። ዓይን ደግሞ በተለይ በሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ ሁለት ሚሊሜትር ጉብታንም አያልፍም።

ፀሐይም ያንኑ ሥራ ትሠራለች። ተራ ብረት በሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ቀጭኑ ላሜራ ከተበየደበት ፍሬም በ28 ዲግሪ ቢሞቅ ያቺው 0.3 ሚሊሜትር ትወለዳለች። ጥቁር የተቀባ ላሜራ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው፣ ከጀርባ ያለው ቱቦላሬ ደግሞ በጥላ ሲቀር፣ ይህ የሙቀት ልዩነት የማይታሰብ አይደለም። ጠዋት ቀጥ ብሎ የሚታይ መከለያ ቀትር ላይ ተነፍቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ላሜራው ራሱ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ተዳምጦና ተጠቅልሎ በመሆኑ በውስጡ እርስ በርሱ የሚገፋፋና የሚጎታተት ውጥረት ይዞ ይመጣል። ሙሉ ሳለ ውጥረቱ ተመጣጥኖ ስለሚቆይ ጠፍጣፋ ይመስላል። ንድፍ ሲቆረጥበት ሚዛኑ ይፈርሳል። ከታች በቅጠል የተጨናነቀ፣ ከላይ ደግሞ ለጽሑፉ ሲባል ሙሉ የተተወ ንድፍ ከሆነ ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ መጠን ስለሚለቁ ላሜራው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሳይነሣ ሊወላገድ ይችላል። የፕላዝማው ሙቀት ይህን ያባብሳል፤ የማሽኑ ሠራተኛ ንድፉን ከአንድ ጥግ ጀምሮ በተከታታይ ከቆረጠው ሙቀቱ በአንድ ቦታ ይከማቻልና። እየዘለለ፣ አንድ ጊዜ እዚህ አንድ ጊዜ እዚያ እንዲቆርጥ ማዘዝ ምንም ወጪ የለውም፤ ግን ካልተነገረው አያደርገውም።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ። የላሜራ አለመታጠፍ ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ከ1.5 ወደ 3 ሚሊሜትር ሲያልፉ ጥንካሬው 8 ጊዜ ያድጋል፤ ይህ እውነት ነው፣ ሰውንም የሚያማልለው ይኸው ቁጥር ነው። ክብደቱስ? አንድ ካሬ ሜትር ብረት ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎግራም ይመዝናል። ስለዚህ አንዱ መከለያዎ ንድፉ ሳይወጣለት ከ19 ወደ 38 ኪሎግራም ይሄዳል፤ ማጠፊያውም፣ ፍሬሙም፣ ማያያዣውም ለዚያ መጠን መታሰብ አለበት። አሁን ደግሞ ሌላውን መንገድ ይመልከቱ። ስፋቱ 25፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ላሜራ በእጅዎ ይያዙ። አጋድመው ሲያጥፉት በሁለት ጣት ይታጠፋል፤ በጠርዙ አቁመው ለማጠፍ ቢሞክሩ ግን እምቢ ይላል። ያው ቁራጭ፣ ያው ክብደት ነው፤ ቆሞ ያለው ጥንካሬ ተጋድሞ ካለው ከ270 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የላሜራ ሥራ ምሥጢር ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው ብል አላጋነንሁም። የመኪና በር፣ የፍሪጅ አካል፣ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ሁሉም ከቀጭን ላሜራ ተሠርተው የሚቆሙት እጥፋት፣ ጉብታ ወይም መስቀለኛ ስንጥቅ የመሰለ ጭረት ስላላቸው ነው። ጠርዙን 25 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ያጠፉት መከለያ ዙሪያውን በአራት ቀጫጭን ምሰሶዎች እንደተያዘ ይቆጠራል። እኔ ይህን የታጠፈ ጠርዝ «ከንፈር» እለዋለሁ፤ ከዚህ በኋላም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

ሌዘርን በተመለከተ፦ አዎ፣ በእንዲህ ያለ ቀጭን ላሜራ ላይ ከፕላዝማ እጅግ ይሻላል። የሌዘር መቁረጫ መስመር ስፋት ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ነው፤ ፕላዝማ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ብረት ይበላል፣ ጠርዙንም በትንሹ አዘንብሎ ይቆርጣል፣ ከሥር ቀልጦ የረጋ ቅሪት ይተዋል። ሹል የቅጠል ጫፍ በፕላዝማ ተልከስክሶ፣ በሌዘር ጥርት ብሎ ይወጣል። ነገር ግን ሌዘር የብየዳን መሰብሰብ አያስቀርም፣ ከፋብሪካ የመጣውንም ውጥረት አያጠፋም። ሌዘር ጠርዝን ያሳምራል፤ የተነፋ ሆድ አያስገባም። የውኃ ጄትም አለ፤ ሙቀት የለውም፣ ወፍራም መዳብና ነሐስ ለሚቆርጥ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለእርስዎ ሥራ ግን አዝጋሚና አላስፈላጊ ነው።

አይዝጌ ብረት ላይ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት ስሕተት እዚህ ላይ ነውና። የተለመደው 304 የሚባለው ዓይነት ከተራ ብረት በ40 በመቶ ገደማ የበለጠ ይረዝማል፣ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ደግሞ የተራ ብረት አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። የብየዳው ሙቀት በቦታው ታፍኖ ይቀራል ማለት ነው። ያንኑ ንድፍ፣ በዚያው አሠራር፣ በአይዝጌ ብረት ቢያሠሩት የበለጠ ይነፋል። «አይዝግም» የሚለውም ቅድመ ሁኔታ አለው። ተራ ብረት በተሞረደበት ዲስክ ወይም በተቦረሸበት የሽቦ ብሩሽ ከነኩት የተራ ብረት ብናኝ ገጹ ላይ ተጣብቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። የባሕር ጨው ያለበት አየር ደግሞ 304ን ያጠቃዋል፤ እዚያ 316 የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል።

ከዚያ በላይ የሚያሰጋኝ አይዝጌውን ላሜራ በተራ ብረት ፍሬም ላይ ለመብየድ ካሰቡ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ሲረጥቡ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ አንደኛው ሌላውን ይበላል። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ ትልቁ ትምህርት የኒው ዮርኩ የነፃነት ሐውልት ነው። ቆዳው 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ላሜራ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ሲሆን፣ የውስጥ አጥንቱን በብረት የነደፈው ጉስታቭ ኤፌል ነው፤ የተመረቀውም እ.ኤ.አ. በ1886 ነበር። ሠሪዎቹ መዳቡና ብረቱ እንዳይነካኩ በመሐል ማገጃ አድርገው ነበር። ማገጃው በዘመናት ሲበሰብስ ግን ብረቱ ዝጎ አበጠ፣ እብጠቱም የመዳቡን ሪቬቶች እየነቀለ ጣለ። መቶኛ ዓመቱ ሊከበር ሲል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የብረት ዘንጎቹ በአይዝጌ ብረት ተተኩ፤ በመሐልም የቴፍሎን ማገጃ ገባ። ከዚሁ ሐውልት ግን የሚደነቅ ነገርም እንማር፦ የመዳቡ ቆዳ በዘንጎቹ ላይ ተጣብቆ አልተያዘም። ዘንጎቹ በኮርቻ መሳይ የመዳብ ቁራጮች ሥር ስለሚያልፉ ቆዳው በሙቀት ሲረዝምና ሲያጥር ይንሸራተታል። ያን የሚያህል ግዙፍ ሥራ ቅርጹን ጠብቆ የቆየው እንዲላወስ ስለተፈቀደለት ጭምር ነው። የእርስዎ መከለያም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

አማራጭ ብረት የሚፈልጉ ከሆነ ከአይዝጌ ብረት ይልቅ አሉሚኒየምን እመክራለሁ። ሳይታጠፍ የመቆም አቅሙ የብረት አንድ ሦስተኛ ስለሆነ ለ2 ሚሊሜትር ብረት 3 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ይተካለታል፤ ያም ሆኖ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ15.7 ወደ 8.1 ኪሎግራም፣ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። በሙቀት ግን ከብረት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ 1800 ሚሊሜትር ቁመት በ40 ዲግሪ ልዩነት 1.7 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ሲገዙ ዓይነቱን ይጠይቁ፦ 5052 ወይም 5754 ያለ ችግር ይታጠፋል፤ 6061 በቲ6 ደረጃ የጠነከረው ግን እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። መዳብና ነሐስ ውብ ናቸው፤ ለዚህ መጠን ግን ክብደታቸውም ዋጋቸውም አይመጥንም፣ ቀለማቸውም አየር ላይ እየተለወጠ ይሄዳል። ለትንንሽ በእጅ ለሚቀጠቀጡ ጌጦች ይተዉአቸው።

ንድፉ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የአንድ የጌጥ ላሜራ ዕድሜ የሚወሰነው ከማሽኑ በፊት በወረቀት ላይ ነውና። መጀመሪያ ስለ ፎቶግራፉ። ኮምፒውተር ፎቶግራፍን በራሱ ወደ መስመር ሲቀይር አንድ ለስላሳ የሐረግ ኩርባ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀጥታ መስመሮች ይገነባዋል። የመቁረጫው ራስ በእያንዳንዷ መጋጠሚያ ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በቀነሰበት ቁጥር ብረቱ ይበልጥ ይሞቃል፣ ጠርዙም የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። የእርስዎ ቅጠሎች ጠርዝ ሸካራ የሆነው በከፊል ከዚህ ነው። ፎቶግራፉን ከሥር አስቀምጠው ከላይ በጥቂት ቅስቶችና ኩርባዎች እንደገና ማስነደፍ ያስፈልጋል። ፋይሉ ለማሽን ሲሄድ፣ ብዙ ጊዜ በዲኤክስኤፍ ቅርጸት ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱ ቅርጽ ገጥሞ የተዘጋ መሆኑን፣ አንድ መስመር በሌላው ላይ ተደርቦ አለመቀመጡን ያረጋግጡ፤ የተደረበ መስመር ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ከንድፉ ጎን 100 በ100 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ ይጨምሩና ተቀባዩ እንዲለካው ይንገሩ። ሚሊሜትር በኢንች ተነቦ 25.4 ጊዜ የተዛባ ሥራ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ድልድይ። በተቆረጠ ንድፍ ውስጥ ዙሪያውን የተከበበ ነገር ሁሉ ይወድቃል፤ የሚይዘው የለምና። የእኛ ፊደል በዚህ ረገድ ፈታኝ ነው፦ መ፣ ወ እና ቀ ሁለት ሁለት ሆድ አላቸው፣ ዐ ደግሞ አንድ። የወደቁብዎት እነዚህ ናቸው። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው በእያንዳንዱ ሆድ ላይ ሁለት ቀጫጭን ድልድዮች ትቶ ከዋናው ላሜራ ጋር ማገናኘት ነው፤ ድልድዮቹ በሁሉም ፊደላት ላይ በአንድ መስመር ከወደቁ እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ አጻጻፍ ስልት ይታያሉ። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ ፊደሎቹን ከሌላ ላሜራ ለብቻ ቆርጦ በ10 ሚሊሜትር ማራቂያ ከመከለያው ፊት መስቀል ነው። ፊደሉ ሙሉ ቅርጹን ይይዛል፣ ጥላውም በጀርባው ላይ ያርፋል፣ ሁለተኛ ቀለም መቀባትም ይቻላል። ፊደላችን እግሩና ራሱ በትክክል ሲወጣ ያለውን ግርማ በድልድይ መቆራረጥ ያሳዝነኛል።

ቅጠሎቹም ሕግ አላቸው። ቀዳዳ በሌዘር ሲቆረጥ ዲያሜትሩ ከላሜራው ውፍረት ባያንስ ጥሩ ነው፤ በፕላዝማ እጥፉን ያህል መሆን አለበት። ድልድይና የሐረግ ግንድ ግን ማሽኑ ሊቆርጠው በሚችለው ልክ አይለካም፤ እጅ ሲይዘው፣ ልብስ ሲጠልፈው፣ ሕፃን ሲጎትተው በሚችለው ልክ ነው የሚለካው። ለ2 ሚሊሜትር ላሜራ ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆነ ግንድ አልተውም። በአንድ ነጥብ ብቻ ተይዞ ጫፉ አየር ላይ የተንሳፈፈ ረጅም ቅጠል ይታጠፋል፣ ሰውንም ይወጋል፤ ጫፉን ከጎረቤቱ ሐረግ ጋር ያገናኙት። የውስጥ ጥጎችን ሁሉ ቢያንስ በ1 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያክቧቸው፤ ስንጥቅም፣ የቀለም መላጥም የሚጀምረው ከሹል ጥግ ነው። ክፍቱና ሙሉው በመላው ላሜራ ላይ በተቀራረበ መጠን ይሰራጭ። ዙሪያውን 35 ሚሊሜትር ያህል ያልተቆረጠ ጠርዝ ይተዉ፤ ከእጥፋቱ መስመር አጠገብ የሚቀርብ ቀዳዳ ላሜራው ሲታጠፍ ተለጥጦ ይበላሻልና። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ከንድፉ ሩቡን በትክክለኛ መጠኑ አትመው በካርቶን ይቁረጡት፣ ግድግዳ ላይ ሰቅለው አምስት ስድስት እርምጃ ርቀው ይዩት። በስክሪን ላይ የማይታይ መጨናነቅ በካርቶን ወዲያው ይታያል።

ከንፈሩ ሲታጠፍ የሚፈጠር የልኬት ስሕተት አለ፤ እርስዎም ካልተጠነቀቁ ይገጥምዎታል። 900 ሚሊሜትር ስፋት ላይ በሁለት ጎን 25 ሚሊሜትር ከንፈር ሲጨመር ጠፍጣፋው ላሜራ 950 መሆን ያለበት ይመስላል። አይደለም። ብረት ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፣ ርዝመቱ የማይለወጠው ከውፍረቱ ግማሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ያለው ንብርብር ነው። ለ2 ሚሊሜትር ላሜራ፣ የውስጥ ሬዲየሱ 2 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በተለመደው 0.44 ኬ-ፋክተር (ያ ንብርብር ከውስጠኛው ገጽ የሚርቅበት የውፍረቱ ክፍልፋይ) ሲሰላ ለእያንዳንዱ የ90 ዲግሪ እጥፋት 3.5 ሚሊሜትር ገደማ ይቀነሳል። ስለዚህ ጠፍጣፋው 943 ነው። በ950 የቆረጠ ሰው ፍሬሙ ውስጥ የማይገባ መከለያ ይዞ ይቀራል። ቁጥሩ እንደ ማሽኑ ቅርጽና እንደ ብረቱ ስለሚለያይ፣ የሚያጥፈውን ባለሙያ «የእናንተ ቅናሽ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁና በእርሱ ቁጥር ያስሠሩ። ካላወቀው ከዚያው ላሜራ አንድ ቁራጭ አጥፎ ይለካ። በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ሁለቱ እጥፋቶች የሚገናኙበት ቦታ እንዳይቀደድ ትንሽ ማውጫ መቆረጥ አለበት፤ ይህም በንድፉ ፋይል ውስጥ ከመጀመሪያው ይካተት።

አያያዙ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ፦ ዙሪያውን አይበየድም። ከንፈሩ ላይ 6 ሚሊሜትር ብሎን የሚገባባቸው ሞላላ ቀዳዳዎች በየ300 ሚሊሜትሩ ይቆረጡ፤ ከላይ መሐል ላይ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ክብ ይሁን፣ መከለያው ከዚያ ተንጠልጥሎ ወደ ሌላው ሁሉ ይላወሳል። በላሜራውና በፍሬሙ መካከል የናይለን ሮንዴላ ይግባ፣ ዙሪያውንም 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር። ዳዶው ሮንዴላውን እስኪነካ እንጂ ላሜራውን እስኪያንቅ አይጠበቅ፤ እንዳይፈታ የሚከላከል የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ይጠቀሙ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ብሎን መታየቱን ጠልቼ ዙሪያውን የበየድኋቸው መከለያዎች ሁሉ ተመልሰው መጥተዋል። የግድ ብየዳ ካስፈለገ በ20 ሚሊሜትር ቁራጭ፣ በ150 ሚሊሜትር ርቀት፣ ከአንዱ ጎን ወደ ተቃራኒው እየዘለሉ፣ ከንፈሩ ላይ እንጂ ፊቱ ላይ ሳይሆን ይበየድ።

ዝገቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሰዎች ቀለሙን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቀለሙ ሥር ነው። በአየር የሚሠራ ፕላዝማም ሆነ በኦክስጅን የሚሠራ ሌዘር በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ቀጭን የኦክሳይድ ቅርፊት ይተዋል። ቀለም በቅርፊቱ ላይ በደንብ የተያዘ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ራሱ ግን ከብረቱ ይላቀቃል፣ ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛው ምክንያት ሹልነት ነው። እርጥብ ቀለም ከሹል ጠርዝ ላይ እየሸሸ ይሳሳል፤ ፊቱ ላይ ወፍራም የሆነው ቀለም ጠርዙ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሌዘሩ በናይትሮጅን እንዲቆርጥ ይዘዙ፤ ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከዚያም የሁለቱም ገጽ ጠርዞች፣ የእያንዳንዱ ቅጠል ውስጥ ሳይቀር፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ሹልነታቸው ይጥፋ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የመከለያውን ዕድሜ የሚወስነው ግን እርሱ ነው። ዘይቱ ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ዚንክ የበዛበት ፕራይመር፣ ከላዩም ከ60 እስከ 80 ማይክሮን የሚደርስ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ፖሊስተር የዱቄት ቀለም ይቀባ። ሁለቱ እርስ በርስ የሚስማሙ መሆናቸውን ከቀለም አቅራቢው ያረጋግጡ። የማያብረቀርቅ ቀለም ይምረጡ፤ ጥቃቅን ሞገዶችን ይደብቃል። የታችኛው ከንፈር ውኃ እንዳይይዝ 8 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች ይኑሩት።

እዚህ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ። ቀጭን ላሜራን በአሸዋ ርጭት ማጽዳት ራሱን የቻለ መወላገድ ያመጣል፤ የሚረጨው ቅንጣት አንዱን ገጽ እየቀጠቀጠ ይለጥጠዋልና። የተጠናቀቀውን መከለያ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ መንከርም እንዲሁ፤ ገንዳው 450 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ቀጭን የተቆረጠ ላሜራ ከዚያ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ፍሬሙን ብቻ ማስነከር ይቻላል፤ ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦላሬ ግን በውስጡ የታፈነው አየርና እርጥበት ሊያፈነዳው ስለሚችል አስቀድሞ ይበሳ። ሦስተኛው የጤና ነው፦ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል፤ ዚንኩ ከሚበየድበት ቦታ ይነሣ፣ ሥራውም አየር ባለበት ይሁን።

የምሰጠውም ምክር የአሠራር እንጂ የግንባታ ደኅንነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ይታወቅ። መከለያው ሰው የሚደገፍበት የበረንዳ አጥር ሆኖ የሚያገለግል ከሆነ ጭነቱን የሚሸከመው ፍሬሙና መደገፊያው እንጂ የጌጥ ላሜራው መሆን የለበትም፤ ስሌቱንም መሐንዲስ ይሥራው። በብዙ አገሮች ደንብ መሠረት በአጥር ክፍተት 100 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም፤ ሕፃን እንደ መሰላል የሚወጣበት አግድም ንድፍም አይፈቀድም። የሐረግ ንድፍዎን በዚህ ዓይን ይመርምሩት።

ስለዚህ የሚያሠሩት እንዲህ ይሁን፦ 2 ሚሊሜትር ተራ ብረት፣ በናይትሮጅን ሌዘር የተቆረጠ፣ በአራቱም ጎን 25 ሚሊሜትር ከንፈር ያለው፣ በሞላላ ቀዳዳና በብሎን የተንጠለጠለ፣ ጠርዙ የለዘበና በሁለት ንብርብር የተቀባ፤ ፊደሎቹም ለብቻ ተቆርጠው በማራቂያ የተሰቀሉ። ለ3 ሚሊሜትር የሚያወጡትን ገንዘብ ለማጠፊያውና ለጠርዝ ማለዘቢያው ያውሉት።

አሮጌዎቹን ስድስት ላሜራዎች ከመጣልዎ በፊት አንድ ዕድል አላቸው። ብየዳቸው በግራይንደር ተቆርጦ ከፍሬሙ ሲለቀቁ የተወሰነው መነፋት በራሱ ይመለሳል። የቀረውን ለመያዝ ከጀርባ በኩል፣ በጠርዙ የቆመ 20 በ3 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ብረት በሁለት መስመር በትንንሽ የማዕዘን ቁራጮችና በብሎን ማሰር ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ቀጥ አይሉም፤ በእሳት እያሞቁ ማሰባሰብ የሚባለው ዘዴም በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፈ እጅ ካልያዘው ያበላሻል። ከዓይን ራቅ ላለ ቦታ ግን ያገለግላሉ።

አዲሶቹን ሲያዙ ስድስቱንም በአንድ ጊዜ አያስቆርጡ። አንዱን ብቻ አሠርተው፣ በቦታው ሰቅለው፣ ቀጥ ያለ ረጅም ማስመሪያ ፊቱ ላይ አስደግፈው ጠዋትና ቀትር ላይ ይለኩት። ሁለቱ ልኬቶች ከተቀራረቡና ብሎኖቹ በሞላላው ቀዳዳ ውስጥ በነፃነት የሚንሸራተቱ ከሆነ የቀሩትን አምስቱን በዚያው ፋይል ያስቆርጡ።